የሞላሌዋ የጣሊያን ሞተር

ጡረታ ስወጣ ወርክሾፑን የተረከበችኝ ሰላም የምትባል፣ ከቴክኒክ ኮሌጅ የወጣች ባለሙያ ናት። ዕቃውን አንድ በአንድ እየቆጠረች መጋዘኑ ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ ወደቆመችው አሮጌ ወታደራዊ ሞተር ሳይክል ደረሰች። ሸራውን ገለጠች፤ ዞራ አየቻት፤ የቤንዚን ታንከሯን ክዳን በሁለት ጣት ነካ አደረገችው። ክዳኑ ዞረ። በቅጹ ላይ «የታንከር ክዳን የላላ፤ ይጠገን» ብላ ጻፈች።

«እሱ ብልሽት አይደለም» አልኳት።

«ምንድን ነው ታዲያ ጋሼ?»

«ሆን ተብሎ የላላ ነው።»

የሽማግሌ ቀልድ መስሏት ፈገግ ብላ ወደሚቀጥለው ዕቃ አለፈች። እኔም አላስረዳኋትም፤ ርክክብ ላይ ወግ አይወጋም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያቺ «ይጠገን» የምትል ቃል አልለቅ አለችኝ። አንድ ቀን አንድ ትጉህ ሰው ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ያጠብቀዋል ብዬ ሰጋሁ። እኔም ትጉህ ነበርኩ፤ ትጉህ ሰው የሚያጠፋውን ጥፋት አውቃለሁ።

ሙያ የተማርኩት ደብረ ብርሃን፣ አንድ የመንገድ ሥራ ጋራዥ ውስጥ ነው። ያስተማሩኝ ጋሽ ንጉሤ ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸውም አጭር ነበር። በልጅነታቸው ጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ ዕቃ ያጥቡ ስለነበር የሞተርን ብልት ሁሉ በጣሊያንኛ ነው የሚጠሩት፤ አልፈታ ያለ ብሎንም የሚሰድቡት በጣሊያንኛ ነው። የተበላሸ መኪና ሲመጣ ኮፈኑን ከፍተው ሣጥን ላይ ይቀመጡና እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ሾፌሩ ይቁነጠነጣል፤ እሳቸው ያያሉ። እኔ ትጋቴን ላሳይ ብዬ ዘይቱን በጨርቅ መጥረግ ስጀምር፣ «ተው! ቆሻሻውን ሳታነብ አትጥረግ» ይሉኛል። ዘይቱ የወረደበት መንገድ፣ አቧራው የተጋገረበት ቦታ፣ ለእሳቸው ጽሑፍ ነበር።

የፈቱትን ብሎን አጎዛ ላይ ነው የሚደረድሩት፤ ጠጉሩ ስለሚይዘው አይንከባለልም። እስከ መጨረሻው የሥራ ቀኔ እኔም አጎዛ አልተለየኝም። የተሰበረ ዕቃ ሲያገኙ ደግሞ ከመበየዳቸው በፊት ጠመኔ አንሥተው ወለሉ ላይ በልኩ ይስሉታል፤ ስንጥቁን ሳይቀር። አንድ ጊዜ ለምን ጊዜ እንደሚያጠፉ ጠየቅኳቸው።

«ዋናው ስብራቱ አይደለም፤ የሰበረው ነው» አሉኝ። «ስብራቱን ደፍነህ ካጠፋኸው በኋላ የሰበረውን ማንን ትጠይቃለህ?»

ያን ጊዜ ነገሩ ስለ መኪና ብቻ መስሎኝ ነበር።

መንግሥት ተለውጦ ዞንና ወረዳው እንደ አዲስ ሲዋቀር ወደ ግብርና ተመደብኩ። ለልማት ሠራተኞች ሞተር ሳይክል ይሰጥ ጀምሮ ነበር፤ የኔ ሥራ እነዚያን ሞተሮች በሕይወት ማቆየት ሆነ። በመጀመሪያ ግሼ ወረዳ፣ ራቤል ሄድኩ። ግሼ ላይ ያስቸገረኝ ከዳገቱ ይልቅ ብርዱ ነው፤ ጠዋት ዘይቱ እንደ ቅቤ ይረጋል። ሞተሮቹን ባና አልብሼ አሳድራቸው ስለነበር ገበያተኛው «ይኸ ሰውዬ ለብረት ልብስ ያለብሳል፤ ሚስቱ ምን ትለብስ ይሆን?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ባለቤቴም ይህንኑ ጠይቃኛለች።

ቀጥሎ ቀየት ነበርኩ። እዚያ የነበሩት አለቃዬ ነገር ሁሉ በስብሰባ ይፈታል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። አንዲት ሞተር ሦስት ቀን አልነሣ ስትል ሠራተኛውን ሰብስበው አስገመገሙ። አንዱ ችግሩ የነጂው የአመለካከት ነው አለ፤ ሌላው የመካኒኩ ነው አለ። እኔ ሹልክ ብዬ ወጥቼ የአየር ማጣሪያውን ብፈታው አይጥ ገብስ አከማችታበታለች። ገብሱን በባርኔጣዬ ይዤ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት። ግምገማው በዚያው ተዘጋ፤ ገብሱ ግን በቃለ ጉባኤው ሳይገባ ቀረ። ደመወዜን በተመለከተ፣ ባለቤቴ በግ ባታረባ ኖሮ ይህን የምጽፍበት መነጽር አይኖረኝም ነበር ማለት ይበቃል።

ሞላሌ የመጨረሻ ምድቤ ሆነ። እዚያ ስደርስ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ክርክር ቆየኝ። ደስታ ወንድይራድ በሚባል ገበሬ ግቢ የአንዲት የጣሊያን ጦር ሞተር ሳይክል አጥንት ቆሞ ነበር፤ ሻንሲዋ፣ ሞተሯና የኋላ ቸርኬዋ ብቻ ቀርተው ዶሮ ይሰፍርባቸዋል። የደስታ አባት አቶ ወንድይራድ በጣሊያን ዘመን ጎልማሳ ሳሉ፣ አንድ ጠዋት ሜዳ ላይ ነጂዋ ጥሏት ሄዶ አግኝተዋታል። ታንከሯ ደርቆ ነበር። በበሬ ስበው አመጧትና ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤቱ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፈላት። ደስታ ሲናገር «ቤንዚን ጨርሳ ነው የቆመችው» ይላል፤ አባቱ ያሉትን ነው የሚለው።

አያ ጥላዬ የሚባሉ ሽማግሌ ደግሞ መትቻታለሁ ይላሉ። ያኔ ገና ወጣት ነበሩ፤ አንድ ውጅግራና አንድ ጥይት ነበራቸው። ከገደል አናት ሆነው ሞተሯ ከበታቻቸው ስታልፍ ተኮሱ። ሞተሯ ግን አልቆመችም፤ ተራራውን ዞራ ተሰወረች። ሁለተኛ ጥይት ስለሌላቸው አልተከተሏትም። «መታትና ሄደች!» እያለ አገሩ ስድሳ ሰባ ዓመት ሳቀባቸው። ስማቸውም «ጥላዬ ቤንዚን» ሆኖ ቀረ።

ሚሊኒየሙ ሲቃረብ በየወረዳው ኤግዚቢሽን ይዘጋጅ ተባለ። የኛ ኃላፊ አቶ ስንታየሁ ፈጣን፣ ቅን፣ ቀጠሮ የማያሳልፉ ሰው ነበሩ። ያቺን ሞተር አስነሥተህ አቁምልኝ አሉኝ። ደስታ አጥንቷን በደስታ ሰጠን፤ ለዶሮዎቹ ቆጥ እንድንሠራለት ብቻ ነው የጠየቀው።

ወሬው እንደተሰማ አያ ጥላዬ በበቅሎ መጡ። ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ነበር፤ በቅሎዋን የምትስበው ልጃቸው አስካለ ናት። እጄን ይዘው ሳይለቁ ተናገሩ።

«ዘውዴ የምትባለው አንተ ነህ?»

«አዎ አያ።»

«ልትሰበስባት ነው አሉኝ።»

«ብረቷ ከተገኘ።»

«ይገኛል፤ ብረት የት ይሄዳል። ስማኝ ልጄ። ብረቶቿ ሲሰበሰቡ አንዱንም ሳትነካ ጥራኝ።»

«የቱ ላይ ነው የመቷት አያ? እንዳውቀው።»

ሳቅ አሉ። «የጠፋ በግ ምልክት በጉ ሳይቀርብ ይነገራል?»

ልክ ናቸው። በጉ የጠፋበት ሰው የጆሮውን ምልክት ለማንም አይናገርም፤ የተናገረ እንደሆነ ማንም ሰምቶ የኔ ነው ይላል። በጉ ሲገኝ በሽማግሌ ፊት ምልክቱን ይናገራል፤ ሽማግሌዎቹ ከዚያ በኋላ ጆሮውን ያያሉ። አያ ጥላዬ ያን ምልክት ዕድሜ ልካቸውን አፋቸው ውስጥ ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው።

ሲነሡ ወደ ልጃቸው እየጠቆሙ፣ «ለዚች ለአስካለ ነግሬያታለሁ» አሉኝ። «በለቅሶዬ ላይ የሞተሯ ነገር አይነሣም። ሰው እየሳቀ እንዲቀብረኝ አልፈልግም። ምልክቴ ከተገኘ ግን ይነሣ።»

እጠራዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ስለዚያች ሞተር የሚያውቅ ሰው ፍለጋ መጀመሪያ የሄድኩት ደብረ ብርሃን ነው። ጋሽ ንጉሤ ሰማንያ ሞልቷቸው በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የሞተሯን ቅርጽ ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ከሰል አስመጥተው በረንዳው ወለል ላይ በልኳ ይስሏት ጀመር። የማርሽ መለወጫው እጀታ በታንከሩ ቀኝ፤ የቤንዚን ቧንቧው በግራ፤ ከሞተሩ ጎን እንደ ምጣድ የሚሽከረከር ክብ ብረት። ልጅ ሆነው አጥበዋት እንደነበር ብልት በብልት ነው የሚያስታውሱት። እኔ በሲሚንቶ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። ምራታቸው ወለሉን ባየች ጊዜ የተናገረችውን አልጽፈውም።

ፒስተኗ ዝጎ ከሲሊንደሩ ጋር አንድ ሆኖ ነበር። አሥራ አምስት ቀን ላምባና ዘይት እያጠጣሁ፣ በእንጨት እየመታሁ አወጣሁት፤ ግን ሥራ ላይ የሚውል አልነበረም። አዲስ አበባ ወርጄ ምናለሽ ተራን ሁለት ቀን ስበረብር የአንድ ውሃ መሳቢያ ፓምፕ ፒስተን አገኘሁ። ስፋቱ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ቁመቱ ይረዝማል። ቶርኖ ቤት አስቆረጥኩት። የፒስተኑን ቀለበቶች፣ ፋሻዎቹን ግን በሞረድ ራሴ አስተካከልኳቸው፤ ለፋሻ የሰው እጅ አላምንም።

የፊት ቸርኬዋ ከሞላሌ ወጣ ያለች አንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ደወል ሆኖ ተሰቅሏል። ለውጡኝ ብዬ የከባድ መኪና ቸርኬ ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ተማክረው ሦስት ሰው ሦስት ኮረብታ ላይ አቆሙ። አዲሱ ሲመታ ከሦስተኛው ኮረብታ ያለው ሰው እጁን ካላነሣ ልውውጥ የለም ተባለ። መጀመሪያ አላነሣም። ቸርኬውን ከብረት ሰንሰለት አውርደን በጠፍር ስንሰቅለው ድምፁ ተፈታ፤ ሰውየውም እጁን አነሣ። ሥራዬ ሁሉ እንዲህ ያለ ፈታኝ ቢኖረው ጥሩ ነበር።

ለቀሪው ዕቃ የደብሩን አስተዳዳሪ መምሬን ለመንኳቸው። ከቅዳሴ በኋላ የሞተሯን ብረት የያዘ ያምጣ ብለው እንዲናገሩልኝ ነው። «እነግርልሃለሁ እንጂ አልገዝትም፤ ግዝት ለብረት አይባክንም» አሉኝ። እንዳሉትም ለስለስ አድርገው ተናገሩ። የኛ ሰው ግን ከዐውደ ምሕረት የተነገረውን ሁሉ እንደ ግዝት ነው የሚቆጥረው። ሰኞ ጠዋት ወርክሾፑ በር ላይ የብረት ክምር ቆየኝ፤ የምድጃ በር፣ የልብስ ስፌት መኪና መዘውር፣ የአልጋ ሽቦ፣ የበቅሎ ልጓም። አንዱ ሰውማ ከጎረቤቱ የወሰደውን ማጭድ ጥሎ ሄዷል። ባለማጭዱ መጥቶ ዕቃውን ሲያይ ያሳየውን ፊት አልረሳውም።

ታንከሯ የተገኘችው ከዚያ ክምር ውስጥ ነው። ማን እንዳመጣት አልታወቀም። ላምባ ላምባ ትሸታለች፤ ጥቀርሻና ዝገት ለብሳለች፤ ሁለት ቦታ ላይ ስታኞ የሚሉት መበየጃ ቆርቆሮ ቀልጦ ተደፍኖባታል። ከጋሽ ንጉሤ ሥዕል ጋር ሳስተያያት እሷው ናት።

እዚህ ላይ ማድረግ የነበረብኝን አውቃለሁ። አጎዛ ላይ አስቀምጬ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ማየት ነበረብኝ። ከነስታኞዋ በልኳ መሣል ነበረብኝ። ከሁሉ በፊት አያ ጥላዬን መጥራት ነበረብኝ። ግን የአቶ ስንታየሁ ቀጠሮ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ቀጠሮው ብቻ አይደለም። ሽማግሌውን ከዝገት ፊት ሳይሆን ከምታበራ ሞተር ፊት ላቁማቸው አሰብኩ። ጥበቤን ላሳያቸው ፈለግኩ።

ታንከሯን በአመድ ውሃ ቀቅዬ የላምባውን ጋዝ አወጣሁ። ጠጠር ከትቼ እያንቀጫቀጭኩ የውስጥ ዝገቷን አራገፍኩ። ስታኞውን አቅልጬ ሳነሣው ሁለት ቀዳዳዎች ወጡ፤ አንዱ ከላይ በግራ፣ ከአፏ አጠገብ፣ ሌላው ከታች በቀኝ። የትንሽ ጣት ጫፍ ያስገባሉ። የላይኛው ከንፈሩ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ የታችኛው ወደ ውጭ ተገልብጧል። አየሁት። ላምባ ነጋዴ ገመድ ሊያስገባበት በመብሻ በስቶት ነው አልኩ፤ እጄም ሥራውን አላቋረጠም። ሁለቱንም በነሐስ ደፈንኩ። ወደ ውጭ የወጣውን ከንፈር ሞረድኩት። እስኪለሰልስ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ቀለም ስቀባው ቀዳዳ የነበረበትን ቦታ እኔም አላውቀው ነበር። እንደዚያን ቀን በእጄ ሥራ ኮርቼ አላውቅም።

የኤግዚቢሽኑ ዕለት ሞተሯን በሦስተኛው ርግጫ አስነሣኋት። ሰው እልል አለ። አቶ ስንታየሁ ንግግር አድርገው የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ያን ጊዜ አያ ጥላዬ በአስካለ እጅ ተመርተው ወደ ፊት መጡ።

«አጥፏት እስቲ» አሉ። አጠፋኋት። 

«ሽማግሌ አለ እዚህ?»

«አለን» አሉ መምሬና አብረዋቸው የቆሙት።

«እንግዲያው ምልክቴን ልናገር። የኔ ጥይት ታንከሯን ከላይ በግራ፣ ከአፏ አጠገብ ገብታ፣ ከታች በቀኝ ወጥታለች። እዩልኝ።»

እጃቸውን ዘርግተው ታንከሯን ዳሰሱ። ጣታቸው ከአፏ አጠገብ ሄዶ ቆመ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። ከታችም ዳሰሱ። ቀለሙ እንደ ብርጭቆ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው አዩና ምንም የለም አሉ።

አያ ጥላዬ እጃቸውን ከታንከሯ አነሡ። «ይቺ የኔዋ አይደለችም» አሉ። «የኔዋ ብስ ናት።»

«ኧረ አያ፣ ቤንዚን ጨርሳ ነው!» አለ ደስታ በክፋት ሳይሆን እንደለመደው። ሕዝቡ ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አስካለ ግን አልሳቀችም፤ ወደኔ ነበር የምታየው።

እኔ የምስክር ወረቀቴን ይዤ ቆሜያለሁ። የተናገሩትን ቦታ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መብሻ ሁለት ጊዜ ቢመታ ሁለቱም ከንፈሮች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ አንዱ ወደ ውስጥ አንዱ ወደ ውጭ የሚሆነው አንድ ነገር በስቶ ሲያልፍ ነው። ይህ የገባኝ እዚያው ቆሜ ሳለሁ ነው። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር፤ አልተናገርኩም። ወረቀቱን በእጄ ይዤ፣ ሰው ሁሉ እያመሰገነኝ፣ ያበላሸው ባለሙያው ራሱ ነው ማለት አቃተኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ዕቃ አበላሽቻለሁ፤ ያፈርኩበት ግን ያ ዝምታ ነው።

በማግስቱ ለአቶ ስንታየሁ ነገርኳቸው። አዘኑ። ቀጥለውም «ታዲያ ምን ችግር አለ? በተናገሩበት ቦታ በመሰርሰሪያ ሁለት ቀዳዳ እናውጣና ይዳስሱ» አሉኝ። ለደግ ነው ያሉት። መሰርሰሪያውን ከመደርደሪያው እስከ ማውረድ ደርሼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩትና ደብረ ብርሃን ሄድኩ።

ጋሽ ንጉሤ እስክጨርስ ሰሙኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«በገመድ በሰያፍ የሚንጠለጠል ዕቃ የት አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«የትም።»

«ሳልካት?»

«አልሳልኳትም።»

«ሞረድህ እስከ የት ደረሰ?»

«ከውጭ በኩል ሁሉንም አለስልሼዋለሁ።»

«ከውስጥስ?»

«ከውስጥ ሞረድ አይገባም ጋሼ።»

«እንግዲያው ግማሹን ነው ያጠፋኸው» አሉና ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መለሱ።

እንደተመለስኩ ወርክሾፑን ዘግቼ የታንከሯን ክዳን ፈታሁ። ጣቴን በአፏ ከትቼ ወደ ግራ አጠፍኩት። ወደ ውስጥ የታጠፈው ከንፈር እዚያው ነው፤ ነሐሱ ከውጭ ቢሸፍነውም ጥርሱ አልተነካም። ጣቴን ቧጨረው። ወደ ታች ጣት ስለማይደርስ ጫፏ የተቆለመመ ሽቦ ሰደድኩ። ላይኛው ላይ ሽቦዋ ተያዘች፤ ታችኛው ላይ ተንሸራተተች። መሬት ላይ ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ደስታን፣ አያ ጥላዬንና አስካለን ጠራሁ። አንድ ሰው ቢቀር ግድ አይሰጠኝም ነበር፤ እሱም ራሴ ነኝ። ቆሜ ያየሁትንና ያጠፋሁትን፣ እጠራዎታለሁ ብዬ ሳልጠራቸው የቀረሁትን፣ በአደባባዩም ዝም ያልኩትን ተናገርኩ። 

አያ ጥላዬ ጣታቸውን በአፏ አስገቡ። ለረጅም ጊዜ አላወጡትም።

«አለች» አሉ በመጨረሻ። «ጥርሷ አሁንም አልዶለዶመም።»

መምሬ ዳሰሱ፤ ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ዳሰሱ፤ ሽቦዋንም ሞከሩ። ምልክቱ በጉ ሳይታይ ተነግሯል፤ አሁን ታይቷል፤ ጸንቷል አሉ። የቀረው ደስታ ነበር። ጣቱን አስገብቶ ሲያወጣ ጫፉ ደምቷል። ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«እንግዲህ አባቴ ዋሽቷል ማለት ነው?» አለ።

ይህን ማንም አላሰበበትም ነበር። እኔም አላሰብኩበትም። አያ ጥላዬ ግን ወዲያው ነው የመለሱለት፤ ዕድሜ ልካቸውን ያሰቡበት ይመስለኛል።

«ወንድይራድ አልዋሸም» አሉት። «ሲያገኛት ቤንዚን አልነበራትም።»

ቀዳዳዎቹን በቦታቸው ልክፈትልዎ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «በመሰርሰሪያ የተበሳማ የኔ አይደለም» አሉኝ። «ተዋት፤ ያላመነ ጣቱን ይክተት። ክዳኗን ብቻ አታጥብቅብኝ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ አጥብቄው አላውቅም። ቤንዚንም አልሞላኋትም፤ ሞተሯ ተነሥታ የምታውቀው ያን አንድ ቀን ነው።

አያ ጥላዬ ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፉ። ለቅሶው ላይ ፎካሪው የጎልማሳነታቸውን ነገር አንሥቶ ሞተሯ ዘንድ ሲደርስ፣ የድሮውን ትእዛዝ አስታውሶ ይለፈው ወይስ ያንሣው ብሎ አስካለን አየ። አስካለ ወደ ደስታ አየች። ደስታ ከለቀስተኛው መሀል ወጣ፤ ጋቢውን አገልድሞ መሀል ሜዳው ላይ ቆመ።

«አባቴ ሞተሯን ቆማ አገኛት» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ያቆሟት ግን እኚህ ናቸው። በጣቴ ዳስሻለሁ።»

የቆምነው ብዙ ሰዎች ነበርን፤ ገበያ ሲገናኛቸው «ጥላዬ ቤንዚን» ብሎ ያልጠራቸው ከመሀላችን ጥቂት ነው። የሳቀ ሰው አልነበረም።